የዌልስን አሮጌ ቤት በቢላ ስትስሉ

የድሮ የድንጋይ ቤት መሳል ካማራችሁ በቤቱ አትጀምሩ። በሰማዩ ጀምሩ።

የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ከገባሁ ጀምሮ እሁድ እሁድ የዘይት ቀለሜን ይዤ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ኖራ የተቀባ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ነጩን እንዳለ ከቱቦው አውጥቼ እለጥፍ ነበር። ቤቱ ከኮረብታው ተገንጥሎ የቆመ ይመስል ነበር። ጉድለቴ የገባኝ የሰር ኪፊን ዊሊያምስን ሥዕሎች በቅርብ ሳይ ነው። በ1918 አንግልሲ ደሴት ተወልዶ በ2006 ያረፈ ሠዓሊ ነው። በሰሜን ዌልስ ያሉትን የስኖዶኒያ ተራሮችና ግርጌያቸውን የተጠጉትን የገበሬ ቤቶች በቀለም ቢላ፣ ቀለሙን እያወፈረ ሲስል ኖሯል። ሥራዎቹን አንግልሲ በሚገኘው ኦሪየል ኢኒስ ሞን በተባለው የሥዕል ማሳያ ታገኟቸዋላችሁ። ከፊት ካያችሁ በኋላ ወደ ጎን ዞራችሁ ቁሙ። ቀለሙ እንደ እርሻ ትልም ከፍ ዝቅ ይላል።

ወደ ሥራው እንግባ። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። ከቀናት በፊት በቀጠነ በርንት ሲየና፣ ማለትም ቀላ ባለ ቡናማ ቀለም፣ ቀቡትና ይድረቅ። ከዚያ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና ቀላቅሉ፤ ነጭ ሲጨመርበት ጥሩ ግራጫ ይወጣዋል። ፈዛዛ፣ መካከለኛና ጥቁር አድርጋችሁ ሦስት ክምር አዘጋጁ። ሰማዩን ከጨረሳችሁ በኋላ የተረፈውን ግራጫ አትጥረጉት። የግድግዳው ነጭ ውስጥ የሚቀላቀለው እሱ ነው፣ ከትንሽ የኦክር ብጫ ጋር። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያጣራው ግድግዳው የሰማዩን ቀለም ይለብሳል። ቢላውን ከእያንዳንዱ ጭረት በኋላ በአሮጌ ጨርቅ ጥረጉ። ይህን ከዘለላችሁ ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል።

ጣራው በሰሜንና በደቡብ ይለያያል። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ከኮረብታው ተቆፍሮ በስሱ የሚሰነጠቅ ግራጫ ድንጋይ ነው የሚከደነው። ያ የድንጋይ ቁፋሮ አካባቢ በ2021 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጣራውና ተራራው አንድ ድንጋይ ስለሆኑ ከአንድ ክምር ቀለም ሳሏቸው። እዚያው ሰሜን ካለው የፔንሪን ቁፋሮ የሚወጣው ድንጋይ ግን ወደ ሐምራዊ ስለሚያደላ ቀይ ጠብ አድርጉበት።

ለልምምድ ከካርዲፍ ወጣ ብሎ ያለውን ሴንት ፋጋንስን የሚያህል ቦታ አላውቅም። በ1948 የተከፈተ፣ ቤቶቹ ሜዳ ላይ የሚታዩበት ሙዚየም ነው፤ መግቢያው በነጻ። ከየአውራጃው ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው የመጡ ቤቶች እዚያ እንደገና ቆመዋል። የኔ ምርጫ በደቡብ ዌልስ ካለው የጋወር ልሳነ ምድር የመጣው ኬኒክስተን የተባለው የገበሬ ቤት ነው፤ በ1610 የተሠራ፣ ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው ቀይ። ቀይ የተቀባው ክፉ መንፈስ እንዳይደርስበት ነው ይባላል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ከዝናብ በኋላ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ግርጌው በእርጥበት ጠቁሮ የጉበት ቀለም ይዟል፤ ወደ ክዳኑ ሲጠጋ ደግሞ ቀዩ ይፈዛል። በአንድ ቀይ መሸፈን ያሳዝናል። ታች ላይ ትንሽ አረንጓዴ ቀላቅሉበት፤ ሣሩ ወደ ግድግዳው ሲወጣ ይታያችኋል።

መስኮቶቹን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ትንሽና ጥልቅ ነው፤ በቢላው ጫፍ አንድ ጊዜ ጥቁር ተጭናችሁ ተዉት። ጭስም ካላያችሁ ለማሳመር ብላችሁ አትጨምሩ። ያን ጠዋት ኬኒክስተን ምድጃው ይነድ ነበር። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ በእርጥቡ ክዳን ላይ ተንከባሎ ወደ ጓሮው ወረደ። እንደወረደ ሳልኩት።