ሳንታ ክሮቼ ገብታችሁ ቶሎ አትውጡ

ፍሎረንስ ብቅ ካላችሁ ሳንታ ክሮቼ ባዚሊካ የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መግባታችሁ አይቀርም። ብዙው ሰው የማይክል አንጄሎንና የጋሊሊዮን መቃብር አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ውልቅ ይላል። እናንተ ግን አትቸኩሉ። በዚያው ትኬት ከጎን ወዳሉት ባለ ቅስት የገዳም ግቢዎች ዝለቁ። በመጀመሪያው ግቢ የፓዚ ጸሎት ቤት አለ። ገብታችሁ ቀና በሉ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ በሰማያዊ ክብ ውስጥ የተቀመጡ 12 ነጫጭ ሐዋርያት። የቀራጺው የሉካ ዴላ ሮቢያ የሸክላ ሥራ ናቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ አይመስሉም! ሁለተኛው ግቢ ደግሞ ጭር ያለ ነው። ለእኔ ከመቃብሮቹም ይበልጣል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ በሥራ ቀን፣ በር ሲከፈት ሂዱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ አለዚያ በር ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ።