ገና ያልወጣ የመካከለኛው ዘመን ስትራቴጂ ጌም መልኩ አሳስቧችኋል? እንዲህ አድርጋችሁ እዩት

አዲስ የመካከለኛው ዘመን ስትራቴጂ ጌም ትሬይለር በወጣ ቁጥር ደብረ ብርሃን ያለነው ጌም ወዳዶች ቴሌግራም ላይ ለሁለት ተከፍለን ነው የምንነካከሰው፣ ግማሹ "ኧረ ይሄ ካርቱን ነው፣ የሞባይል ጌም ነው የሚመስለው" ይላል ግማሹ ደሞ "ግራፊክሱ ይገድላል" ይላል፣ ሁለቱም ያዩት ግን ያው አንድ ቪዲዮ ነው፣ ካሜራው መሬት ድረስ ወርዶ የፈረስ ጋማ የሚያሳይ። ስትጫወቱ የፈረሱን ጋማ አታዩትም እኮ። ከላይ ሆናችሁ፣ መቶ ምናምን ሰው በአንዴ እየነዳችሁ፣ እንጨት አልቆባችሁ፣ በሌላ በኩል ጠላት እየገባ ነው የምታዩት። ስለዚህ መልኩ ያሳሰበው ሰው ከዛ ከፍታ ላይ ሆኖ ነው ማየት ያለበት፣ ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር በሙሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ፎቶ ማግኘት ነው። ትሬይለሩን እያቆማችሁ ሂዱ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሚኒማፕ (ትንሿ ካርታ) እና የወርቅ፣ የእንጨት፣ የምግብ ቁጥር ካለ እሱ ጌምፕለይ (እውነተኛው ጨዋታ) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ከሌለ ለማስታወቂያ የተቀናበረ ሊሆን ስለሚችል ፍርድ አትስጡበት። ዳታ ለመቆጠብ ብለን ዩቲዩብን በ360 ጥራት የምናየው ነገር አለ አይደል፣ እሱ ለዘፈን ይበቃል ለዚህ ግን አይሆንም፣ ቪዲዮ ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጠፋው ሳሩና ቅጠሉ ላይ ያለው ዝርዝር ነው፣ ከዛ "መሬቱ ጭቃ ይመስላል" ብላችሁ ዴቨሎፐሮቹ (ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች) ያላጠፉትን ታለጥፉባቸዋላችሁ። ስቲም (ጌም የሚሸጥበት ድረ ገጽ) ላይ የጌሙ ገጽ ግቡና ስክሪንሹቶቹን በሙሉ መጠናቸው አውርዱ፣ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበሉት።

ከነሱ ውስጥ ካሜራው ከፍ ያለበትና ጦርነት ያለበት አንድ ምረጡና ስልካችሁ ላይ ባለው የፎቶ ማስተካከያ ሳቹሬሽኑን ሙሉ በሙሉ ቀንሱት፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን። ከዛ ትንሽ አሳንሱትና ራሳችሁን ጠይቁ፣ ፈረሰኛው የቱ ጋ ነው? ቀስተኛው የቱ ነው? ጦር የያዘውና ሰይፍ የያዘው ይለያሉ? በቅርጻቸው ብቻ ከለያችኋቸው ዲዛይነሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ቀለሙ ሲነሳ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ከሆኑ ግን ስጋታችሁ ልክ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው የዚህ ዓይነት ጌም ላይ ፈረሰኛ ሲመጣባችሁ ጦረኛ (ጦር የያዘውን) ነው የምታቀርቡት፣ ቀስተኛ ላይ ደሞ ፈረሰኛ ነው የምትልኩት፣ ይሄን ለመወሰን ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። እግረ መንገዳችሁን ሁለቱ ቡድኖች በጥቁርና ነጭ ይለዩ እንደሆነም እዩ፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይላቸው ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ደሞ ወንዶች ናቸው፣ ለነሱ ይሄ ጉዳይ የምርጫ ነገር አይደለም።

ጌም የማይጫወት ሰውም አሪፍ ዳኛ ነው። እናቴን አንዱን ስክሪንሹት አሳይቻት "ይሄ ሁሉ ሰው ዱላ ይዞ የት ነው የሚሄደው" አለችኝ፣ ጦረኞች ነበሩ። እኔ ጦር መሆኑን ያወቅኩት ጌሙን ስለማውቅ ነው እንጂ ስዕሉ ስለነገረኝ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ፣ ካርቱን ነው አይደለም የሚለው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4 የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ስትራቴጂ ጌም ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ሊመጣ መሆኑ በፈረንጆቹ 2017 ተነገረ፣ በኖቬምበር 2019 ጌምፕለዩ ሲታይ ሰው ተንጫጫ፣ ቀለሙ በዛ፣ መሣሪያውና ፍላጻው ከሰውዬው ይበልጣል፣ ቤቶቹ መጫወቻ ይመስላሉ ተባለ፣ ከዛ ኦክቶበር 28 ቀን 2021 ወጣ። የመሣሪያው ነገር ላይ እኔ ከዴቨሎፐሮቹ ጋር ነኝ። ካሜራው ከዛ ርቀት ላይ ሆኖ አንድ ወታደር ስክሪናችሁ ላይ ትንሽ ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው የሚይዘው፣ ሰይፉን በእውነተኛ ውፍረቱ ብትስሉት ከአንድ ፒክስል በታች ይሆንና ይጠፋል፣ ፍላጻማ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ማግዘፉ ስንፍና አይደለም። የቡድኑን ቀለም ልብሱ ላይ፣ ጋሻው ላይ፣ ባንዲራው ላይ፣ የፈረሱ ልብስ ላይ ሁሉ መለቅለቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጋሻና ትከሻ ላይ ቢደረግ በቂ ነው፣ ሌላው የሱፍና የቆዳ ቀለሙን ይያዝ። የእናንተ ልክ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ብቻ "ካርቱን ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ የቱ ነው የበዛው? መጠኑ ነው፣ ቀለሙ ነው፣ ወይስ ብርሃኑ? ሦስቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

"ታዲያ ማነር ሎርድስ እንዴት እውነተኛ መሰለ?" የሚል አይጠፋም። በኤፕሪል 2024 ኧርሊ አክሰስ (ገና ሳያልቅ ለሽያጭ) የወጣው ማለቴ ነው፣ አንድ ሰው የጀመረው ጌም። እሱ ላይ ቀስ ብላችሁ ነው መንደር የምትሠሩት፣ ከፈለጋችሁ ወርዳችሁ በመንደሩ ውስጥ በእግር ትሄዳላችሁ፣ ጦርነቱም ወታደር በወታደር ሳይሆን በምድብ በምድብ ነው የሚታዘዘው፣ ስለዚህ አንድን ሰው ከላይ ሆኖ ለይቶ ማወቅ ያን ያህል አያስፈልግም። ያንን መልክ እስከ 200 ሕዝብ ድረስ አንድ በአንድ የምታዙበት ፈጣን ጌም ላይ ብትጭኑት አይሠራም። መጀመሪያ የጌሙን ፍጥነት እወቁ፣ ከዛ ነው መልኩ የሚፈረደው።

መሬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ስለሆንኩም ይሆናል። እኛ ጋ ሜዳውን ገብስ ገብሱን እያያችሁ ትሄዱና ጫፉ ላይ እስክትደርሱ ድረስ ገደል መኖሩ አይታወቃችሁም፣ ጣርማበር ጋ የቆመ ሰው ይገባዋል። ለዓይን ያምራል፣ ጌም ላይ ግን እንደዛ ከተሳለ ጉድ ነው፣ የገደሉ አፍ ከሜዳው ሳር ጋር አንድ ቀለም ከሆነ ፈረሰኞቻችሁ ለምን ዞረው እንደሄዱ ሳይገባችሁ ሠፈራችሁ ይቃጠላል። ከፍታ ደሞ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ከፍ ያለ ቦታ የቆመ ወታደር ታች ያለውን ሲመታ ጉዳቱ 25% ይጨምራል፣ ስለዚህ የቱ ጋ ከፍታ እንዳለ አለማየት ማለት መሸነፍ ማለት ነው። ኮረብታ ያለበት ስክሪንሹት ያዙና በጣታችሁ እያሳያችሁ "እዚህ ይወጣል፣ እዚህ አይወጣም፣ ይሄ ከዛ ይበልጣል" በሉ። ከተጠራጠራችሁ ጥላው ደካማ ነው ወይ የገደሉ ግድግዳ ከላዩ ሜዳ በቀለም አልተለየም ማለት ነው። ድንጋዩ ጠቆር ብሎ፣ ጫፉ ላይ ሳሩ ሳስቶ ቢሳል ይበቃል፣ የኛም ገደል ከታች ሆናችሁ ስታዩት ያው ጥቁር ድንጋይ ነው።

አረንጓዴው በዛ የሚል ቅሬታም አለ። በመስከረም ደብረ ብርሃን መጥታችሁ እርሻውን ከነአደይ አበባው ብታዩት ከየትኛውም ጌም ይበልጣል፣ ስለዚህ ደማቅ አረንጓዴ ውሸት ነው አይባልም። ችግሩ ካርታው ከዳር እስከ ዳር ያው አንድ አረንጓዴ ሲሆን ነው፣ የታረሰው፣ የበሰለው፣ ግጦሹ፣ መንገዱ ካልተለየ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ብርሃኑንም ልብ በሉ፣ ትሬይለር ላይ ሁሌ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው፣ ሁሉ ነገር ወርቃማ ሆኖ ያምራል ግን ቀዩም ቢጫውም ቡድን አንድ ይሆናል። የቀትር ፎቶ ፈልጉ፣ ከሌለ ዴቨሎፐሮቹን ጠይቁ። ጉምም እንደዛው ነው፣ ደብረ ሲና ላይ እንወደዋለን፣ ጌም ላይ ግን ማጥፊያ ሴቲንግ ይኑረው።

ቤቶች። አብዛኛው ስትራቴጂ ጌም ቤቱን ከሰው አንጻር ያሳንሰዋል፣ ካልሆነ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስክሪኑን ይሞላዋል፣ እሱን እለፉት። ማየት ያለባችሁ የአንዱ ሕዝብ ቤት ከሌላው በቅርጹ ይለያል ወይስ ቀለም ብቻ ነው የቀየሩት የሚለውን ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ላይ ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2015 ስትገባ ሾተል የያዘ ወታደርና የዮዲት ታሪክ ይዛ ገባች፣ ደስ ብሎን ነበር፣ ቤቶቹን ግን ከማሊዎች ጋር ነው የምንጋራው። የመንዝ ሰው ያንን አይቶ ምን ይበል፣ መንዝ ግድግዳው ድንጋይ ነው ጣሪያው የጓሳ ሳር ነው። አዲስ የሚመጣ ጌም የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያን አስገብቻለሁ ካለ ሌላም የምትመዝኑበት አለ። አምደ ጽዮን (በፈረንጆቹ 1314–1344) ተጉለት ላይ የነበረ ንጉሥ ነው፣ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ደብረ ብርሃንን መቀመጫው አድርጎ ብዙ ዓመት ቆየ፣ ግን የዛ ዘመን ቤተ መንግሥት በአብዛኛው የሚንቀሳቀስ የድንኳን ከተማ ነበር፣ በ1520ዎቹ የመጡት ፖርቹጋሎች ያዩትም ያንኑ ነው። ስለዚህ ድንኳን ሳይኖር የጎንደር ግንብ ተገትሮ ካያችሁ "ወንድሜ፣ ፋሲል እኮ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ነው" በሉ። አውሮፓውያኑም ላይ ያው ነው፣ ታሪኩ 1100ዎቹ ላይ ነው ተብሎ ከራስ እስከ እግር ብረት የለበሰ ባላባት ካያችሁ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሟል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው፣ የእናንተ ላፕቶፕ። ስክሪንሹቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በአልትራ (በከፍተኛው ሴቲንግ) የተነሱ ናቸው፣ እናንተ ግን በሎው (በዝቅተኛው) ነው የምትጫወቱት፣ እኔም እንደዛው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 4 ሲወጣ በትንሹ 8 ጊጋ ራም፣ ኢንቴል ኤችዲ 520 ግራፊክስና 50 ጊጋ ባዶ ቦታ ነበር የሚጠይቀው፣ ማለትም ተራ ላፕቶፕ ላይ ይነሳል፣ ግን ሎው ላይ ጥላ ይቀንሳል፣ ጥላ ሲቀንስ ቅድም ያልኳችሁ ከፍታ አብሮ ይጠፋል። አዲስ ጌም ላይ "በሎው ሴቲንግ የተነሳ አንድ ፎቶ አሳዩን" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ እንደውም ከሁሉም የሚጠቅም ጥያቄ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ቅሬታችሁን ስትጽፉ ደሞ ስድብ የሚያነብላችሁ ዴቨሎፐር የለም። "ያስጠላል፣ የሞባይል ጌም ነው" ብትሉ ምን ያድርግላችሁ? ፎቶውን ለጥፉ፣ በቀይ ክበቡበት፣ ካሜራው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ተናገሩ፣ ምን ለመለየት እንደተቸገራችሁና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጻፉ። ለምሳሌ "ሦስተኛው ስክሪንሹት ላይ ካሜራው ከፍ ሲል ቀስተኛውና ጦረኛው አይለዩም፣ የቀስተኛው ቀስት ከትከሻው ወጣ ብሎ ቢታይ፣ የጦረኛው ጋሻ ደሞ ሰፋ ቢል" ማለት ይበቃል። በቀላል እንግሊዝኛ አሳጥሩት፣ አንድ ኮመንት ላይ አንድ ችግር ብቻ። ቶሎ መጻፉም ዋጋ አለው፣ ቀለምና ብርሃን እስከ መጨረሻው ሊነካካ ይችላል፣ የወታደሩ ሞዴልና እንቅስቃሴው ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ እንደገና መሥራት ብዙ ሰውና ገንዘብ ይበላል፣ ስለዚህ የቅርጽ ቅሬታ ካላችሁ በመጀመሪያው ትሬይለር ጊዜ ተናገሩ፣ የቀለሙ ይደርሳል።

ሁለተኛ ትሬይለር ሲመጣ የድሮዎቹን ስክሪንሹቶች አታጥፉ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ያንኑ የጥቁርና ነጭ ፈተና ድገሙት። ከገዛችሁት ደሞ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘቡን ይመልሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ካምፔን (ታሪክ ያለው ጨዋታ) አትሩጡ፣ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ሎው አድርጉት፣ ኮረብታ ያለበት ካርታ ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ጨዋታ ጀምሩ፣ ካሜራውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉና ውጊያ እስኪነሳ ጠብቁ።