የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ኖቶችን መሰብሰብ እንዴት ይጀመራል?

አሮጌ የወረቀት ገንዘብ ሁሉ ውድ አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጥሩ ማሳያ ነው። ኖቱን ያወጣው በ1919 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በእንግሊዝ መንግሥት የተቋቋመው የገንዘብ ቦርድ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ይገበያዩበት ነበር። እኛም አገር ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ብር በ1945 እስኪወጣ ድረስ ተሠርቶበታል። ኤርትራ ውስጥ እስከ ፌዴሬሽኑ ቆይቷል። ስለዚህ ከአያት ሳጥን ውስጥ ብቅ ቢል አይግረማችሁ።

መጀመሪያ አንድ ዘመን ምረጡ። ሁሉንም ልሰብስብ ካላችሁ ኪሳችሁ አይችለውም። ለጀማሪ የንግሥት ኤልሳቤጥ 5 እና 10 ሽልንግ ይቀላል። ከሽልንጉ በፊት በ1920 ወጥቶ ቶሎ የቀረው የፍሎሪን (የገንዘብ ስም ነው) ኖት ለኋላ ይቆይ፤ ዋጋው ያስደነግጣል።

ቀጥሎ ኖቱን ማንበብ ልመዱ። የወጣበት ከተማ ሞምባሳ ከሆነ ከቀደሙት ነው፤ ከ1933 ጀምሮ ናይሮቢ ይላል። የእንግሊዙ ንጉሥ ወይም የንግሥቲቱ ምስል ዘመኑን በግምት ይነግራችኋል፣ ቁርጡን ግን የተጻፈው ቀን። በቀን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ኖቶች ዋጋቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ከ1958 ወዲህ የወጡት ቀን ስለሌላቸው ፊርማዎቹን ማወዳደር ነው።

ዋናው ነገር ይዞታው ነው። ኖቱን በመስኮት ብርሃን ፊት ያዙት። ድሮ ኖት በስፒል ይያያዝ ስለነበር ጥቃቅን ቀዳዳዎች ልታዩ ትችላላችሁ፤ ዋጋ ይቀንሳሉ። ከዚያ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩበት። የተጣጠፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ታጥቦ የተተኮሰ ኖት ደግሞ ለዓይን ያምራል፣ ሲነኩት ግን እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፤ ቀለሙም ደብዘዝ ይላል። ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎ ቢምልም አትቸኩሉ። ነጩ ጠርዝ በአንድ በኩል ከጠበበ ዳሩ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እናንተም አትጠቡት፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፉ። ቆሻሻው ይሻላል።

ቸርችል ጎዳና ባሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ስትጠይቁ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ። ብዙ ብር የሚያስወጣ ከሆነ እንደ ፒ ኤም ጂ ባለ ድርጅት ተመርምሮ የታሸገውን ምረጡ።

ለማስቀመጥ ማይላር ከሚባለው ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ ግዙ። ተራው ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ኖቱ ላይ ይጣበቃል። የገዛችሁበትን ቀንና ዋጋ በእርሳስ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከኪሱ ጀርባ አኑሩት።