«ገባኝ» ብሎ መቀመጥና ሌሎች የመጀመሪያ ኮርስ ስህተቶች

መምህሩ ሰሌዳ ላይ ኮድ ሲጽፍ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ራሳችንን እየነቀነቅን «ገባኝ» እንላለን። ማታ ባዶ ስክሪን ፊት ስንቀመጥ ግን የመጀመሪያዋ መስመር እንኳ አትመጣም። በመጀመሪያው የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። እኔም ግማሽ ሴሚስተር ቪዲዮ በማየት አቃጥያለሁ። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ ክፍል ውስጥ የታየውን ኮድ ደብተር ዘግታችሁ ከባዶ ጻፉት። የት ጋ እንደምትቆሙ ያኔ ይታወቃል። ኮፒ ፔስት አይቆጠርም፤ ቻትቦት የጻፈላችሁም እንደዚያው።

ኮዱ ሲሳሳት የሚወጣውን ቀይ ጽሑፍ (ኢረር) አይቶ መደንገጥ ሌላው ነው። ኢረር ስድብ አይደለም፣ አንብቡት። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከመጨረሻው መስመር ጀምሩ፤ የስህተቱ ዓይነት እዚያ ተጽፏል። ሲ ወይም ጃቫ የተባሉትን ቋንቋዎች ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስትቀይሩ) ግን ከላይ ካለው ጀምሩ። አንድ የተረሳ ነገር ብዙ ኢረር ይወልዳል፤ እሱ ሲስተካከል ሌሎቹም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። የመስመር ቁጥሩም አንዳንዴ ይሸውዳል። ያልተዘጋው ቅንፍ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

የባሰው ምንም ኢረር የማይሰጠው ስህተት ነው። ኮዱ ስለሠራ ብቻ ልክ ነው ብላችሁ አትለፉት። ፓይተን ከኪቦርድ የሚቀበለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ነው የሚይዘው። ወደ ቁጥር ሳትቀይሩ 5 እና 3ን ብትደምሩ 53 ይሰጣችኋል። 7ን ለ2 ማካፈል ፓይተን 3 ላይ 3.5 ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ግን ጃቫና ሲ 3 ይሏችኋል። 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.3 ይሆናሉ ወይ ብላችሁ ፓይተንን ብትጠይቁት ደግሞ «አይሆኑም» ይላል! ኮምፒውተሩ 0.1ን በሁለትዮሽ ቁጥር (በ0 እና በ1 ብቻ) በትክክል መያዝ አይችልም። ስለዚህ መልሱን በእጃችሁ ልትሠሩት በምትችሉት ትንሽ ቁጥር ሞክሩ።

መቶ መስመር ጽፎ መጨረሻ ላይ አንዴ ማስኬድም አያዋጣም። አምስት ጻፉ፣ አስኪዱ፣ ቀጥሉ። አሳይመንቱንም ለመጨረሻዋ ሌሊት አታቆዩት፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሌሊቱን ልትበላው ትችላለች።

ክፍል ውስጥ ከሃይስኩል ጀምሮ ኮድ የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም። እሱን እያያችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ቀድሞ ስለጀመረ ነው። ስትጠይቁ ግን «አልሠራም» ብቻ አትበሉ። ምን አስገባችሁ? ምን ጠበቃችሁ? ምን ወጣ? እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ሂዱ።