ሁዳዴ መቼ ይገባል? የባሕረ ሐሳብ ስሌት ለቤት፣ ለሠርግና ለገበያ

መስከረም 1 ቀን ካህኑ በምእመናን ፊት ቆመው ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደሆነ፣ አበቅቴው (ከፀሐይና ከጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚወጣው ቁጥር) ስንት፣ መጥቅዑ (አበቅቴውን 30 የሚሞላው ቁጥር) ስንት እንደሆነ ያውጃሉ። ብዙው ሰው ሰምቶ «አሜን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥጋ ቤቶች የሚዘጉበት ቀን፣ የወተት ዋጋ የሚወርድበት ሳምንት፣ ሠርግ የሚደገስበት የመጨረሻ እሑድ ግን በእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ይህ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት ከባድ አይደለም። ወረቀት፣ እርሳስና መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ይበቃል።

ሥርዓቱ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ቅዱስ ቀን ከዕለቱ መናወጥ የለበትም የሚል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። ለዚህም ሱባዔ ገባ፤ የሌሊቱ 23፣ የቀኑ 7። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣለት ሲያልቅ) 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል። 11 ጥንተ አበቅቴ፣ 19 ጥንተ መጥቅዕ (የስሌቱ መነሻ ቁጥሮች) የተባሉት ከዚህ ነው። ከሰማይ አንጻርም 11ዱ ትርጉም አለው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11።

አሁን 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል። ትርፉ ወንጌላዊውን ይነግራል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ። ስለዚህ ዘመኑ የማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ትርፉ 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፤ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ 0 ሰኞ ነው። የ2018 አዲስ ዓመት ሐሙስ ዋለ ማለት ነው።

በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስልኩ 1879.5 ይልና ሰውየው 5ን ትርፍ አድርጎ ይይዛል። ከነጥብ በኋላ ያለው ትርፍ አይደለም። ሙሉውን ቁጥር መልሰው በአካፋዩ ያባዙና ከመጀመሪያው ይቀንሱት፤ 1879 በ4 ሲባዛ 7516፣ ከ7518 የቀረው 2።

ቀጥሎ ወንበር ነው፤ በ19 ዓመቱ ዙር ውስጥ የተፈጸሙት ዓመታት ቁጥር። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ይተውና ወንበሩ 12 ይሆናል። የሚተወው የተጀመረው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው። ይህችን አንድ የረሳ ሰው ፋሲካውን በሳምንታት ሊያዛንፍ ይችላል፤ በዚህ ስሌት ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ትርፉ 0 ከሆነ ወንበሩ 18 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ወደ ኋላ ይመለሱ።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዑ ቁጥር የሚያመለክተው ቀን) በመስከረም ይውላል፤ ነነዌም በጥር ትገባለች። 14 ወይም ከዚያ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ነነዌም ወደ የካቲት ትሻገራለች። የእኛ 18 ስለሆነ መስከረም 18 የሚውልበትን ዕለት እንፈልጋለን፤ መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ 18 እሑድ ነው። በዚህ ላይ የዕለቱን ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበውን ተጨማሪ ቁጥር) እንጨምራለን፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 እና 7፣ 25። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ያገኙት ቀን ሰኞ ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስተዋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ወንበሩ 0 ሲሆን መጥቅዑ 0 ተብሎ አይቀርም፤ 30 ይባላል። ደግሞ መጥቅዑ በመስከረም ውሎ ከተውሳኩ ጋር ከ30 ካለፈ 30ው ይገደፍና ነነዌ ወደ የካቲት ታልፋለች። በ2006 ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፤ መጥቅዕ 30፣ መስከረም 30 ሐሙስ፣ ተውሳክ 3፣ ድምሩ 33። ነነዌ የካቲት 3 ገባች።

ከነነዌ መግቢያ በኋላ ቀን መቁጠር ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 41፣ ሆሳዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ትንሣኤ 69፣ ዕርገት 108፣ ጰራቅሊጦስ 118፣ የሰኔ ጾም 119። ከጥር 25 ላይ 14 ሲጨመር 39፤ ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ። 69 ሲጨመር 94፤ ሦስት ወር ማለትም 90 ሲነሣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። አንዳንድ መጻሕፍት ለትንሣኤ 9 ብቻ ይጽፋሉ፤ 60ውን ገድፈው ስለሆነ ወሩን ራስዎ ይጠብቁ። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም።

2019ን በዚሁ መንገድ ይሞክሩት። መጥቅዕ 7፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ ተውሳክ 8፣ ነነዌ የካቲት 15፣ ሁዳዴ የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይወጣል። የአንድ ዓመት ልዩነት የአገሩን ኑሮ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ እዚህ ይታያል። በ2018 ከጥምቀት ማግሥት እስከ ቅበላ ለሠርግ የነበረው ጊዜ የካቲት 8 እሑድ አበቃ፤ በመሐልም የነነዌ ሦስት ቀን አለ። በ2019 ግን እስከ የካቲት 28 ይዘልቃል። አዳራሽ ለመያዝና የአበሻ ልብስ ለማዘዝ ሃያ ቀን ትልቅ ነገር ነው። የሰኔ ጾም ደግሞ ሁልጊዜ ሐምሌ 4 ስለሚያበቃ ፋሲካ በዘገየ ቁጥር ያጥራል፤ በ2018 41 ቀን፣ በ2019 21 ቀን ብቻ።

ላም ያለው ሰው ከሁሉ በላይ ይህን ስሌት ያስፈልገዋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከተማው ወተት ይተዋል፣ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። ያልተሸጠውን ወተት አርግቶ፣ ንጦ ቅቤውን አንጥሮ ለፋሲካ ማቆየት የቆየ ዘዴ ነው። ከዚያ የተሻለው መውለጃውን ማስተካከል ነው። ላም 280 ቀን ያህል ታረግዛለች፤ ለ2019 ፋሲካ እንድትደርስ ሐምሌ 19 ቀን 2018 አካባቢ ማስጠቃት ያስፈልጋል። ሱፍ፣ ተልባና ኑግ የሚነግድ ደግሞ ከቅበላው በፊት መጋዘኑን ይሙላ፤ በጾሙ ዋዜማ የሚገዛ ሰው በውድ ይገዛል።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ የቅበላ ዕለት ማታ ነው። የሸክላ ድስት ቅቤ ይጠጣል፤ አንዴ በማጠብ አይለቅም። አንዱን ድስት ለጾም ብቻ መለየት ከዚህ ድካም ያሳርፋል፤ የቅቤው ድስት በእንዶድ ወይም በአመድ ታሽቶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ተደፍቶ እስከ ፋሲካ ይቀመጣል።

በውጭ አገር ያላችሁ የሥራ ፈቃድ ስትጠይቁ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው መልሱት። በእኛ ዘመን መጋቢት 1 ሁልጊዜ ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ሁልጊዜ ኤፕሪል 9 ነው፤ ስለዚህ የ2018 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ቀን 2026፣ የ2019 ደግሞ ሜይ 2 ቀን 2027። የምዕራባውያኑ በ2026 ኤፕሪል 5፣ በ2027 ማርች 28 ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን የስቅለት ዕረፍት ተማምኖ የተቀመጠ በ2027 አምስት ሳምንት ይሳሳታል። ለነነዌ ግን ተጠንቀቁ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2020፣ ያለፈው ጳጉሜን 6 ስለነበረች ጥር 1 በጃንዋሪ 9 ፋንታ በጃንዋሪ 10 ይውላል፤ የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ አብሮ ይሄዳል።