ጭንቅላታችሁን ፓስወርድ ከማድረጋችሁ በፊት

ሰሞኑን አዳማ ላይ ጥቂት ልጆች የኢኢጂ ሄድሴት ይዘው «ኮምፒውተሩን በሐሳብ እንከፍታለን» ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ኢኢጂ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ራስ ላይ በሚቀመጡ ኤሌክትሮዶች መለካት ነው፤ ሞገዱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም። ግን እኔ ድሮ የሠራሁትን ስህተት አንድ በአንድ ሲደግሙት ዝም ማለት አቃተኝ።

ትልቁ ስህተት በአንድ ቀን ቀድቶ በዚያው ቀን መፈተን ነው። ጠዋት አሥር ሰው ትቀዳላችሁ፣ ግማሹን ለማሠልጠኛ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ታደርጋላችሁ፣ ውጤቱ ያምራል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ቆይ እንጂ! ሄድሴቱ እኮ ከራሳቸው ላይ አልወረደም። ፕሮግራሙ የለየው ሰውየውን ሳይሆን ኤሌክትሮዱ ያን ሰዓት ያረፈበትን ቦታ ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ መልሳችሁ ጥሯቸው። እንቅልፍ ያጣ ወይም ሦስት ስኒ ቡና የጠጣ ሰው ሞገዱ እንደ ትናንቱ አይሆንም። እኔ ይህን ያወቅሁት የራሴ ማሽን እኔኑ አላስገባም ሲለኝ ነው።

ሁለተኛው ጫጫታን አንጎል ብሎ መቀበል ነው። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ሲግናል በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ነው። የግድግዳው መብራት በ50 ኸርዝ ይገባበታል፣ ዓይን ማርገብገብ ያናውጠዋል፣ መንጋጋ መንከስማ ይውጠዋል። የአዳማ ሙቀት ደግሞ አለ፤ ላብ ሲመጣ መስመሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ሹሩባ የተሠራች ወይም ቅቤ የተቀባች ልጅ ስትመጣ ኤሌክትሮዱ ቆዳ አይነካም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ መሣሪያው የተሠራው ለሌላ ዓይነት ጠጉር ነው። እሷን ከሙከራው ማስወጣት መፍትሔ አይደለም።

«ሐሳብ አይሰረቅም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በርካሽ የጌም ሄድሴት ለሰዎች ቁጥርና የባንክ ምስል እያሳዩ የአንጎላቸውን ምላሽ ቀዱ። አንጎል የሚያውቀውን ነገር ሲያይ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ፒ300 የሚባል ሞገድ ይነሳል። በዚህ ተነስተው የሰዎቹን ፒን የመጀመሪያ ቁጥርና ባንካቸውን በዘፈቀደ ከመገመት በተሻለ መገመት ቻሉ። እንግዲህ በር የሚከፍትላችሁ ሄድሴት ሚስጥርም ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። ጥሬውን ሲግናል ለየትኛውም አፕ አትልቀቁ።

ጥሬውን ሰርቨር ላይ ማከማቸትም ያው ነው። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጭንቅላት በምን ይቀየራል? ኢኢጂ ላይ የሚጥል በሽታ ምልክትም ሊታይ ስለሚችል የያዛችሁት የሰው የጤና መረጃ ጭምር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቡት። ይልቅ አንጎል ለተመረጡ ምስሎች የሚሰጠውን ምላሽ ተጠቀሙ፤ ቢሰረቅ ምስሎቹን በሌላ ትተካላችሁ።

ፒኑን ግን አታጥፉት። ባትሪው ያልቃል፣ ሰው ይታመማል፣ ያን ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩ የግድ መከፈት አለበት።