ሐዋሳ ውስጥ የእስርና የወንጀል መዝገብ እንዴት ይጠየቃል?

«የወንጀል ሪከርድ አምጣ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሰፈሩ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ ይልኩታል፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛ። ሁልጊዜ የሠራተኛ ክፋት አይደለም። ስም አስገብተው የአንድን ሰው የእስርና የፍርድ ታሪክ የሚያዩበት፣ ለሕዝብ የተከፈተ አንድ መዝገብ አገራችን ውስጥ የለም። ፖሊስ የምርመራ መዝገብ አለው፤ ዐቃቤ ሕግ የሰጠው ውሳኔ በእሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ክሱና ፍርዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ታራሚው የገባበትና የወጣበት ቀን ማረሚያ ቤት ይገኛል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ የሚመለስ ጥያቄ አለ፦ የሚፈልጉት የትኛውን ወረቀት ነው?

የሌላ ሰው ከሆነ

ይህን ቀድሜ ላንሳው፤ ብዙ ሰው የሚለፋው እዚህ ላይ ነውና። ልጄን ሊያገባ የመጣውን ሰው፣ ቤቴን የሚከራየውን፣ የምቀጥረውን ዘበኛ ላጣራ ብለው ፖሊስ ዘንድ ቢሄዱ አይሰጥዎትም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል። ያለው መንገድ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ እንዲያመጣ መጠየቅ ነው፤ ቀጣሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሌላ ሰው ስም መጠየቅ የሚችሉት ውክልና ሲኖርዎት፣ ጠበቃው ከሆኑ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው።

ከወንጀል ነጻ ማስረጃ (በተለምዶ «አሻራ»)

ለሥራ ወይም ለቪዛ የሚጠየቀው በአብዛኛው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ጠያቂውን አካል አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የክልል ፖሊስ ማስረጃ ይበቃል ወይስ የፌዴራል ፖሊስ ነው የሚፈለገው? ኤምባሲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት የፌዴራሉን ነው። ይህን ሳይጠይቁ የክልሉን አውጥቶ እንደገና ለፌዴራሉ መመላለስ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ማስረጃው ስንት ወር እንደሚያገለግልም የሚወስነው ተቀባዩ ነውና አብረው ይጠይቁ። ቀድሞ ማውጣት ሁልጊዜ ብልጠት አይደለም።

የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንደ ጉዳዩም ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዙ። ክፍያ በደረሰኝ ብቻ ይክፈሉ። በር ላይ ቆሞ «ቶሎ አስጨርስልሃለሁ» የሚለውን ደላላ ይለፉት። በሐሰተኛ ማስረጃ መጠቀም ራሱ ወንጀል ነው፤ ከወንጀል ነጻ ለመባል ሄዶ ወንጀለኛ ሆኖ መመለስ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፣ ተመሳሳዩም ብዙ ነው። አያት ሳይጻፍ የቀረበ ማመልከቻ ከማያውቁት ሰው መዝገብ ጋር ሊያጋጭዎት ይችላል። «ኃይሉ» በአንዱ ወረቀት «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» በሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ ባሰ፤ ፓስፖርትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል ያስጽፉ። የልደት ቀኑም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሌላ ሰው ያስመስላል። በሲሚንቶ ወይም በጉልበት ሥራ ጣትዎ የተላጠ ከሆነ አሻራው ደብዝዞ ሊመለስ ስለሚችል ጥቂት ቀን እጅዎን አሳርፈው ይሂዱ።

የፍርድ ውሳኔ ግልባጭ

እዚህ ቁልፉ የመዝገብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋብዎት የድሮ ወረቀቶችዎን ያገላብጡ፦ መጥሪያ፣ የክስ ማመልከቻ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ ለዋስትና ገንዘብ ያስያዙበት ደረሰኝ። ጠበቃ ከነበረዎት እሱ ዘንድ አይጠፋም። ምንም ካልተገኘ ክሱን፣ ችሎቱንና ቢያንስ ዓመተ ምሕረቱን ይዘው ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ የመዝገብ ክፍል) ዘንድ ይቅረቡ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታሪኩን ከሥሩ ማንሳት ይወዳሉ፤ ለግልባጭ ያ ሁሉ አያስፈልግም። እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦ «በመዝገብ ቁጥር … በዐቃቤ ሕግና በእኔ በአመልካች … መካከል በነበረው የወንጀል ክርክር በቀን … የተሰጠው ውሳኔ ትክክለኛ ግልባጭ ለ… ጉዳይ ስለሚያስፈልገኝ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» ሲረከቡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆመው ይዩ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ወይም ተራ ኮፒ ማስረጃ አይሆንም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ ወረቀቱ በሲዳምኛ ከወጣና ለሌላ ክልል ወይም ለውጭ አገር ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ያስፈልገዋል።

ሐዋሳ ላይ ሌላ ከተማ ላይ የሌለ ውስብስብ ነገር አለ። ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሰኔ 2012 ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ቀሪው ደቡብም በ2014 እና በ2015 ወደ ሌሎች ክልሎች ተከፋፈለ። ከዚያ በፊት የወላይታም የጌዴኦም የጋሞም ይግባኝ ሐዋሳ በነበረው የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይታይ ነበር። ስለዚህ ውሳኔው ላይ «ሐዋሳ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ መዝገቡ ዛሬ በሲዳማ ክልል ፍርድ ቤቶች እጅ ነው ማለት አይደለም። የእኔ ምክር ጉዳዩ መጀመሪያ ከታየበት ፍርድ ቤት እንዲጀምሩ ነው። የይግባኝ ውሳኔ ግልባጭ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ስለሚላክ ፋይሉ ውስጥ ተያይዞ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

ክሱ የፌዴራል ወንጀል ነበር ከተባሉም ቸኩለው አዲስ አበባ አይውጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችን በውክልና ያያሉ። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀድሞው ደቡብ ክልልም ተቋቁሟል። ስለዚህ ሁለቱንም ሐዋሳ ላይ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ማብቂያ ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ ነሐሴ ከመግባቱ በፊት ቢያመለክቱ ይሻላል። ግልባጩን የሚፈልጉት ለይግባኝ ከሆነ ጊዜው ጠባብ ነው፦ ይግባኝ ማለትዎን በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃሉ፣ ግልባጩ ከደረሰዎት በኋላ የይግባኝ ማመልከቻውን ለማቅረብ 30 ቀን አለዎት።

ታስረው የተፈቱ፣ ግን ያልተከሰሱ

መታሰር ጥፋተኛ መባል አይደለም፤ ወረቀቱ ግን ይቀራል። በየትኛው ክፍለ ከተማ ፖሊስ ተይዘው እንደነበር ያስታውሱ፤ ታቦር ተይዞ መነኸሪያ ክፍለ ከተማ ቢጠይቁ አይገኝም። ከዚያ መዝገቡ ምን ላይ እንደቆመ ይጠይቁ። በዋስ መውጣት መዝገቡን አይዘጋውም፣ ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። የሚያሳርፍዎት ዐቃቤ ሕግ «አያስከስስም» ብሎ ከዘጋው ያንን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ተከስሰው ነጻ ከወጡ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ግልባጭ።

ዛሬ የተያዘ ዘመድ ከሆነ የሚፈልጉት ነገሩ ሌላ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ ትተው ጣቢያውን ይድረሱ። የተያዘ ሰው ለጉዞ ከሚወስደው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት እንደሚችሉ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይናገራል። የመርማሪውን ስም፣ የተጠረጠረበትን ነገርና ቀጣዩ የጊዜ ቀጠሮ የትኛው ችሎት እንደሆነ ጽፈው ይያዙ።

«አይሰጥም» ሲባሉ

የራስዎን ወረቀት ከከለከሉዎት በቃል አይመለሱ፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብተው ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ከከለከለም ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ቀጣዩ በር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

የቆየ ፍርድ ላለበት

ተፈርዶብዎት ቅጣቱን ጨርሰው ከሆነ የወንጀል ሕጉ «መሰየም» የሚለው መብት አለ። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ከጨረሱ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌላው ሁለት ዓመት ካለፈ፣ ጠባይዎ መልካም ከሆነና የተፈረደብዎትን ካሳ እንደ አቅምዎ ከከፈሉ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ። ሲፈቀድልዎ የትእዛዙን ግልባጭ በእጅዎ ብቻ አያስቀምጡ፤ አንዱን ለፖሊስ የሪከርድ ክፍል ያድርሱና የተቀበሉበትን ማኅተም በሌላው ላይ ያስመቱ። አለበለዚያ በሚቀጥለው አሻራ ሲሰጡ የድሮው ፍርድ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።